መልሱን ብቻ ሳይሆን አሰራሩንም አሳዩን



ሰሞኑን "ቲቸር፣ ስለ ክፍያ ጭማሪው ምነው ዝም አልክ?" ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ዝም ያልኩት ወረቀቱን ሳላነብ መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው። አሁን አንብቤዋለሁ፣ ስብሰባውም ላይ ነበርኩ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከተማችን የአገልግሎት ክፍያዎቿን ልታሻሽል ነው። የውሃ፣ የቆሻሻ ማንሻ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የገበያ መደብ፣ የግንባታ ፈቃድ... ዝርዝሩ ብዙ ገጽ ነው። በግራ በኩል "ነባር ክፍያ" ይላል፣ በቀኝ በኩል "የተሻሻለ ክፍያ" ይላል። በሁለቱ መሀል ግን ምንም የለም። ከግራው ቁጥር ወደ ቀኙ ቁጥር እንዴት እንደተደረሰ የሚናገር አንድ መስመር አጣሁ። የከተማዋን ስም የማልጽፈው አንድን መስሪያ ቤት ለማሳጣት ስላልተነሳሁ ነው። ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ እናንተም በያላችሁበት የየከተማችሁን ታዩበታላችሁ።

ያስተማርኳችሁ ሁሉ አንድ ነገር ሳታስታውሱ አትቀሩም። በኔ ፈተና መልሱ ትክክል ቢሆንም አሰራሩን ያላሳየ ሙሉ ማርክ አያገኝም። "ቲቸር፣ መልሱን አግኝቼዋለሁ እኮ!" እያላችሁ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። እኔም ሁለት ምክንያት እነግራችሁ ነበር። አንደኛ፣ አሰራሩ ከሌለ ራስህ ሰርተኸው ይሁን ከጎንህ ቀድተኸው አላውቅም። ሁለተኛ፣ መልሱ ቢሳሳት የቱ ጋ እንደተሳሳትክ ማረም አልችልም። ለከተማ አስተዳደርም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ከዚያ በላይ አይደለም።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ግብርና የአገልግሎት ክፍያ አንድ አይደሉም። ግብር ለጋራ የምናዋጣው ነው፤ "እኔ ለከፈልኩት ብር ለኔ ምን ተደረገልኝ?" ብለህ አንድ በአንድ አትመነዝረውም። የአገልግሎት ክፍያ ግን ቆመህ ለተቀበልከው ለዚያ ነገር የምትከፍለው ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ይከተለዋል። ይህን አገልግሎት ለመስጠት ስንት ብር ይወጣል? ከዚያ ውስጥ ተጠቃሚው ስንቱን ይክፈል? ቀሪውን ማን ይሸፍነው? ክፍያ አሻሽያለሁ የሚል ከተማ እነዚህን ሦስቱን ካልመለሰ ቁጥር ቀየረ እንጂ ክፍያውን አልመረመረም።

እስኪ በአንድ የልደት ምስክር ወረቀት እንስራው። ቁጥሩ የኔ ነው፣ ለማሳያ ያህል ብቻ። ወረቀቱን የምታዘጋጀው ባለሙያ በወር 8,800 ብር ታገኛለች እንበል። በወር 22 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብትሰራ 176 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ስራዋ 50 ብር ነው። አንድ ምስክር ወረቀት 20 ደቂቃ ቢወስድባት ወደ 17 ብር። የወረቀት፣ የቀለምና የማኅተም 15 ብር እንበል። የመብራት፣ የኮምፒውተር፣ የኃላፊዋና የቢሮው ድርሻ ሲደመር ሌላ 18 ብር። ድምሩ 50 ብር።

እንግዲህ ከተማው 300 ብር ቢያስከፍል "250 ብሩ የምንድን ነው?" ማለት መብቴ ነው። 10 ብር ብቻ ቢያስከፍል ደግሞ 40 ብሩን ማን እየሸፈነው ነው? ከሰማይ አይወርድም፤ ከጋራው ኪስ ነው የሚወጣው። ያ የጋራ ኪስ ውስጥ መንገድ ዳር ቲማቲም የምትቸረችረዋ እናት የገበያ መደብ ክፍያም አለበት። አንዳንዴ ይህ ተገቢ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሰረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የልጆች መመዝገብ ለወላጅ ብቻ ሳይሆን ለአገር ይጠቅማል፤ ስንት ተማሪ እንደሚመጣ ካልታወቀ ስንት ክፍል ይሰራል? ስለዚህ ልደት ምዝገባን ከወጪው በታች ማስከፈል ጥሩ ምክንያት አለው። ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ለሚሰራ ባለሀብት ግንባታ ፈቃድ ከወጪ በታች ማስከፈል ግን ምን ምክንያት አለው? ዋናው ጥቅም የእሱ ነው፣ ወጪውን ይሸፍን። ቆሻሻ ላይ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ክፍያው ከአቅም በላይ ከሆነ ቆሻሻው አይጠፋም፣ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው። ያኔ የሁላችንም ወጪ ይሆናል። እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ሂሳብ አለው ለማለት ነው። ሁሉንም በአንድ መቶኛ ማባዛት ምርመራ አይባልም።

በዚሁ ስሌት ውስጥ የተደበቀ ሌላ ነገር አለ። ፋይሉ ጠፍቶ ያቺ ባለሙያ ሦስት ሰዓት ብትፈልገው ወጪው 50 ብር መሆኑ ይቀርና 200 ብር ይሆናል። "ወጪያችንን ይሸፍናል" ተብሎ 200 ብር ቢተመን የከፈልኩት የልደት ወረቀቱን ነው ወይስ የጠፋውን ፋይል? ስለዚህ ወጪን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፣ ወጪው መሆን የነበረበት ነው ወይ ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

አሁን ለከተማው ልሟገትለት። ጭማሪ ሁሉ ዘረፋ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ትልቁ ጥፋት አለመጨመር ነው፤ ክፍያን ለዓመታት አስተኝቶ አንድ ቀን በድንገት መቀስቀስ።

ካልኩሌተር አውጡ። ከ15 ዓመት በፊት 20 ብር የነበረ ክፍያ በየዓመቱ የ15 በመቶ የዋጋ ንረት ቢደርስበት ዛሬ ስንት ይሆናል? 20 ሲባዛ በ1.15፣ አስራ አምስት ጊዜ። መልሱ 163 ብር ገደማ ነው። የእኛ አገር የዋጋ ንረት በ2014 ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ ስታስቡ 15 በመቶ የዋህ ግምት ነው። ስለዚህ ክፍያው ከ20 ወደ 160 ቢዘል የሂሳብ ስህተት የለበትም። ግን በአንድ ሌሊት ስምንት እጥፍ ሲሆን የሰው ደሞዝ በዚያው ሌሊት ስምንት እጥፍ አይሆንም። በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ቢሆን ሰው ያጉረመርማል፣ ግን ይዘጋጃል። በአንዴ ሲሆን ቤት ያፈርሳል።

ይህን አገራችን በደንብ ታውቀዋለች። የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር ሲሰበሰብበት የኖረው አዋጅ ቁጥር 80 የወጣው በ1968 ነው። በ2015 አዲስ አበባ ላይ በዚያው አዋጅ የሚሰራበት ተመን ሲሻሻል ስንት ሰው እንደደነገጠ ታስታውሳላችሁ። ያ ግብር ነው፣ የአገልግሎት ክፍያ አይደለም፤ በሽታው ግን አንድ ነው። መብራትም እንዲሁ። ከ1998 ጀምሮ ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ነው ታሪፉ የተሻሻለው። የዚያን ጊዜው ግን ሁለት ደህና ነገር ነበረው። ጭማሪው በአራት ዓመት ተከፋፈለ፣ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብም ጭማሪው አልነካውም። መብራት የከተማ አስተዳደር ስራ አይደለም፣ ግን ከተማ ሊማርበት ይችላል።

የውሃ ወጪ መጨመሩ እውነት ነው፣ አልክድም። ፓምፕ የሚሰራው በመብራት ነው፤ የመብራት ታሪፍ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ነው የተደረገው። ፓምፑ፣ የፓምፑ መለዋወጫ፣ ውሃ ማከሚያ ኬሚካሉ ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ1991 የወጣው የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲም የከተማ ውሃ ወጪውን ራሱ እንዲሸፍን ያቅዳል፤ ለድሃው የሚታሰብለት ታሪፍ እንዲኖርም ይላል። ስለዚህ "በነፃ ይሁን" የምትሉ ልጆች፣ እሺ፣ ግን በነፃ የሚሆነው ቧንቧ ለገባለት ነው። ቧንቧ ያልገባለት ሰፈር መስመር የሚዘረጋው በምን ብር ነው?

ወደ ስብሰባው ልምጣ።

ስብሰባው የተጠራው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ነበር። የውሃው ባለሙያ በፕሮጀክተር አቀረበ። ጨዋ ልጅ ነው፣ በደንብ ተዘጋጅቷል። ታሪፉ በደረጃ ነው አለ፤ ትንሽ የሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ የሚጠቀም በውድ። "ድሃውን የሚደግፍ ታሪፍ ነው" ሲል አዳራሹ ግማሹ አጨበጨበ። እኔም በመርህ ደረጃ እደግፈዋለሁ።

ከዚያ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱና "ልጄ፣ እኔ የሰው ግቢ ውስጥ ነው የምኖረው። ሰባት ቤት ነን፣ ቆጣሪው አንድ ነው። እኛ በየትኛው ነው የምንቆጠረው?" አሉት።

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። "እማማ፣ ታሪፉ በቆጣሪ ነው የሚሰራው" አላቸው።

"እሱማ አየሁት። እኔ የጠየቅኩህ ስለ ሰዎቹ ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው "ጥያቄው ተመዝግቧል" ብሎ ወደ ሌላ ተናጋሪ አለፈ። እኔ ግን ሌላውን መስማት አቃተኝ። ደብተሬን አውጥቼ ሂሳቡን መስራት ጀመርኩ። አብረን እንስራው፤ እንዲቀለን ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ።

ታሪፉ እንዲህ ይሁን፦ የመጀመሪያዎቹ 5 ሜትር ኩብ እያንዳንዳቸው 15 ብር፣ ከ6 እስከ 10 ያሉት 25 ብር፣ ከ10 በላይ ያለው 40 ብር።

ሀ) አንድ ቤተሰብ፣ ለብቻው ቆጣሪ ያለው፣ ግቢው ውስጥ አትክልት የሚያጠጣ፣ በወር 10 ሜትር ኩብ ይጠቀማል። አምስቱ በ15 ሲባዛ 75፣ ሌላው አምስት በ25 ሲባዛ 125። ድምር 200 ብር። ለአንድ ሜትር ኩብ 20 ብር ደረሰበት ማለት ነው።

ለ) የእማማ ግቢ። ሰባት ቤት፣ እያንዳንዱ በወር 4 ሜትር ኩብ ይጠቀማል። ይህ በቀን ሰባት ጀሪካን እንኳን አይሞላም፤ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለልብስ፣ ለመታጠቢያ። ሰባት ሲባዛ በአራት 28 ሜትር ኩብ። ቆጣሪው የሚያየው አንድ "ብዙ ተጠቃሚ" ነው። 75 ሲደመር 125፣ ሲደመር 18 በ40፣ እሱ 720 ነው። ድምር 920 ብር። ለአንድ ሜትር ኩብ ወደ 33 ብር።

አያችሁት? አትክልት የሚያጠጣው በ20 ብር፣ በጀሪካን ቆጥባ የምትኖረው በ33 ብር። እማማ ለብቻቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ አራቱም ሜትር ኩብ በ15 ብር ታስቦ 60 ብር ነበር የሚከፍሉት። በጋራ ቆጣሪ ግን ድርሻቸው 131 ብር ነው፣ ከእጥፍ በላይ። ያውም አከራዩ ምንም ሳይጨምርባቸው ነው። አከራይ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁት ነው።

ድሃውን እንዲደግፍ የተሰራው ታሪፍ ድሃዋን ቀጣት። ክፋት አይደለም። ያንን ወረቀት ያዘጋጀው ልጅ ድሃን ለመጉዳት አላሰበም። ግን የሰራው ለቆጣሪ ነው እንጂ ለሰው አልነበረም። አሰራሩ ቀድሞ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ማንም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያገኘው ነበር።

መፍትሄውም የዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ደረጃዎቹን በቤቱ ቁጥር አባዙ። ሰባት ቤት ካለ የመጀመሪያው ርካሽ ደረጃ 5 ሳይሆን 35 ሜትር ኩብ ይሁን። ያኔ 28ቱም ሜትር ኩብ በ15 ይባዛና 420 ብር ይመጣል፣ ለአንድ ቤት 60 ብር። ማን ስንት ቤት እንዳለ ያረጋግጥ ከተባለ ቀበሌ አለ፣ ዕድር አለ። ሰው ሲሞት በዚያ ግቢ ስንት አባወራ እንዳለ ዕድሩ ያውቀዋል እኮ።

በነጋታው ክፍል ገብቼ ልጆቹን "ቤታችሁ ያለው ቆጣሪ የጋራ የሆነ እጁን ያውጣ" አልኳቸው። ከግማሽ በላይ አወጡ። አንዷ ልጅ እንዲያውም "ቲቸር፣ እኛ ቆጣሪም የለንም፣ ከጎረቤት በጀሪካን ነው የምንገዛው" አለችኝ። በስንት? "ሦስት ብር፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ በጋሪ የሚመጣውን ሃያ ብር።" አንድ ሜትር ኩብ 50 ጀሪካን ነው። ሦስት ብር ማለት ለሜትር ኩብ 150 ብር ነው። ሃያ ብር ማለት 1,000 ብር ነው። ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ክፍሉ ጸጥ አለ። በከተማችን ውሃን በጣም ውድ የሚገዛው ቪላ ያለው ሰው ሳይሆን የዚያች ልጅ እናት ነች። የታሪፍ ወረቀቱ ላይ ግን ጨርሶ የለችም፣ ደንበኛ አይደለችማ። ስለዚህ በኔ አመለካከት ከሁሉም ጭማሪ በፊት መታየት ያለበት የቦኖ ውሃና አዲስ መስመር ማስገቢያ ክፍያ ነው። ወርሃዊው ታሪፍ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ቆጣሪ ለማስገባት በአንዴ የሚጠየቀው ብር ካልተከፋፈለ ያ ርካሽ ውሃ ለሷ ቤት አይደርስም።

ስለ ብክነትም አንድ ነገር ልበል። ይህም ሂሳብ ነው። ከተማው 100 ሜትር ኩብ ያመርታል እንበል፣ የእያንዳንዱ ወጪ 20 ብር፣ ጠቅላላ 2,000 ብር። በየመንገዱ የሚፈነዳው ቧንቧና የማይቆጥረው ቆጣሪ 35ቱን ቢበላው የሚሸጠው 65 ብቻ ነው። 2,000 ለ65 ሲካፈል ወደ 31 ብር ይመጣል። ብክነቱ ወደ 20 ቢወርድ ደግሞ 2,000 ለ80፣ 25 ብር። በሜትር ኩብ የስድስት ብር ልዩነት! ስለዚህ ቧንቧ መጠገን ራሱ ታሪፍ ማሻሻል ነው። አዲስ ታሪፍ ይዞ የሚመጣ ወረቀት "ብክነታችን ዛሬ ይህን ያህል ነው፣ በዓመቱ እዚህ እናደርሰዋለን" የሚል መስመር ሊኖረው ይገባል። እኛ በብር ስንጨምር እነሱም በስራ ይጨምሩ።

ይህን ሁሉ ለአንድ የድሮ ተማሪዬ ነገርኩት። አሁን ካሊፎርኒያ ነው የሚኖረው። በነጋታው ከከተማው በፖስታ የመጣለትን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ የውሃ ክፍያ ልንጨምር ነው የሚል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕዝቡ በድምፅ ያጸደቀው "ፕሮፖዚሽን 218" የሚባል ሕግ አለ። የውሃ፣ የፍሳሽና የቆሻሻ ክፍያ ከመጨመሩ በፊት ከተማው ለባለ ይዞታዎች በጽሑፍ ያሳውቃል፦ ጭማሪው ስንት እንደሆነ፣ በምን ስሌት እንደተደረሰበት፣ ምክንያቱ፣ የሕዝብ ውይይቱ ቀንና ቦታ። ውይይቱ ከማሳወቂያው ቢያንስ 45 ቀን በኋላ ነው። ከግማሽ በላይ የሆኑት በጽሑፍ ከተቃወሙ ክፍያው አይጣልም። የሚሰበሰበው ገንዘብም አገልግሎቱን ለመስጠት ከሚወጣው ወጪ መብለጥ አይችልም።

ገነት ነው እያልኳችሁ አይደለም። ግማሹን ሕዝብ ማስፈረም ቀላል አይደለም። ደግሞ ያው ሕግ ከአንዱ ደንበኛ ጨምሮ ለድሃው መቀነስን ያከብደዋል፤ የእማማን ችግር ሊያባብስ የሚችል ሕግ ነው። ግን አንድ ነገሩን ወደድኩት። "በምን ስሌት" የሚለውን በሕግ ግዴታ አድርጎታል። አሰራሩን አሳይ ማለት ነው።

ወደ እኛ አህጉር ስንመለስ የደቡብ አፍሪካ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 6,000 ሊትር ውሃ በነፃ እንዲያገኝ ፖሊሲ አወጡ። ቁጥሩ ዝም ብሎ አልመጣም፤ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ስምንት ሰው፣ ሰላሳ ቀን። አባዙት፣ 6,000 ይመጣል። አሰራሩ ስለታወቀ ግን ስህተቱም ታወቀ። ሶዌቶ ውስጥ ፊሪ በሚባል ሰፈር በአንድ ግቢ ከስምንት በላይ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ነበሩ። ከሳሾቹ መሀል ያለችው የወይዘሮ ማዚቡኮ ቤት 20 ሰው ይኖርበት ነበር። የእማማ ጥያቄ ማለት ነው፣ በሌላ ቋንቋ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግስት ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2009 ነዋሪዎቹ ተረቱ። ሆኖም ክርክሩ ሲካሄድ ከተማዋ ፖሊሲዋን ደጋግማ አሻሽላ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ይህንን አልካደም። ተረቱ፣ ግን ከተማዋ ቁጥሯን እንድታስረዳ አስገደዷት። ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

እና እኛስ ምን እንበል? እኔ እንዲህ እላለሁ።

1ኛ. በነባሩና በተሻሻለው ክፍያ መሀል አንድ ዓምድ ይጨመር፦ "የአገልግሎቱ ወጪ"። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ "ተጠቃሚው የሚሸፍነው ስንት በመቶ ነው፣ ለምን?" የሚል። ሁለት ዓምድ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ አለው።

2ኛ. ክፍያ በየዓመቱ በበጀት ወቅት ይታይ። አንዳንዱ ይጨምራል፣ አንዳንዱ ባለበት ይቆያል፣ አንዳንዱ ሊቀንስም ይገባዋል። አስር ዓመት አስተኝቶ መቀስቀስ ይቅር።

3ኛ. ትልቅ ጭማሪ ካስፈለገ ይከፋፈል። የዘንድሮ፣ የከርሞ፣ የዚያን ማዶ ተብሎ አስቀድሞ ይነገረን።

4ኛ. የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ በቤት ቁጥር ይታሰብ። የቦኖ ውሃ ጭማሪ አይንካው። የቆጣሪ ማስገቢያ በየወሩ ከቢል ጋር ተከፋፍሎ ይከፈል።

5ኛ. የተሰበሰበው ብር በዓመቱ ምን እንደሰራ በዚያው አዳራሽ ይነገረን። ሰው መክፈል የሚጠላው ብሩ የት እንደገባ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ለዕድር በየወሩ ሳናቅማማ የምንከፍለው ለምን ይመስላችኋል? ድንኳኑንና ወንበሩን ስለምናየው ነው። ገንዘብ ያዡም በዓመት አንድ ጊዜ ቆሞ ሂሳቡን ያነባል፤ ካላነበበ ማን ዝም ይለዋል?

እኛም ግን ድርሻ አለብን። ስብሰባው ላይ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነበር። ጭማሪው ከጸደቀ በኋላ ቢል ይዞ መጮህ ቀላል ነው፤ ከመጽደቁ በፊት ወረቀቱን ማንበብ ነው የሚከብደው። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ትክክለኛውን ጥያቄ ያነሱት ቀለም ያልቆጠሩ እናት ናቸው። እኛ ዲፕሎማና ዲግሪ የያዝነው ደረጃዎቹን አይተን አጨበጨብን።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ ስሌቱን በንጹህ ወረቀት ጽፌ ለባለሙያው ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ ሁለት ጊዜ። "መምህር፣ ይህን ወደ ቦርድ አቀርበዋለሁ፣ ግን በከተማው ስንት የጋራ ቆጣሪ እንዳለ መረጃ የለንም" አለኝ። እውነቱን ነው የነገረኝ፣ አከበርኩት። መረጃው ከሌለ ግን ቦርዱ የሚወስነው በሌለ ቁጥር ነው። የውሃ ቦርዱ እስካሁን አልወሰነም።

ስለዚህ በከተማችን ያላችሁ በሙሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ የምትኖሩ፣ ግማሽ ወረቀት አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ፦ የቆጣሪው ቁጥር፣ በግቢው ያሉ ቤቶች ብዛት፣ ባለፈው ወር የመጣው ቢል። ስማችሁን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ወረቀቱን በዕድራችሁ በኩል ወይም ራሳችሁ ለውሃ አገልግሎቱ ቢሮ አስገቡ፣ ቅጂውን ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። ስሌቱን መስራት ያቃተው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤት አለሁ፣ ይምጣና አብረን እንሰራዋለን። የአስራ አንደኛ ክፍል ልጆችም እናግዛለን ብለውኛል።

በሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ከተማ የጋራ ቆጣሪን እንዴት እንደሚያስብ የምታውቁ ካላችሁ ከስር ጻፉልኝ። በደንብ የሰራ ከተማ ካለ ስሙን ጥሩት፤ ለቦርዱ "እነሱ ጋ ተችሏል" ብለን እናሳያለን።

መልካም ሳምንት!